አውራጃ ገዥው ገርማሜ ንዋይ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የገርማሜ ንዋይ ስም ሲነሣ ወሬው ወዲያው ወደ ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ይሮጣል። እኔ ግን ልናገር የመጣሁት ከዚያ በፊት ስለ ነበረው ስለ አውራጃ ገዥው ነው። ከዚህ አዳራሽ መንግሥት የሚገለብጥ ብዙ አይወጣ ይሆናል፤ በወረዳና በዞን ወንበር ላይ የሚቀመጥ ግን ብዙ ይወጣል።

ገርማሜ በኮተቤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተምሮ ወደ አሜሪካ ሄደ። በዊስኮንሲን የመጀመሪያውን ዲግሪ፣ በኮሎምቢያ ማስተርሱን ተቀበለ። ለማስተርሱ የጻፈው ነጮች በኬንያ መሬት ላይ ስለ ሠፈሩበት ፖሊቲካ ነው። በጎረቤት አገር ባለመሬቱ በገዛ ምድሩ ላይ እንዴት ጥገኛ እንደ ሆነ መርምሮ፣ በፈረንጅ 1954 ሲመለስ የአገሩን ጢሰኛ በምን ዓይን እንዳየው ለመገመት አያስቸግርም።

በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥራ ጀመረ። የትምህርት ቤቱ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበርም ሊቀ መንበር አድርጎ መረጠው። ማኅበሩ ስለ አገር ጉዳይ መነጋገር በጀመረ ጊዜ ቤተ መንግሥት አልወደደውም። በኋላም ገርማሜ የወላሞ፣ ዛሬ ወላይታ የምንለው አገር፣ አውራጃ ገዥ ሆኖ ተሾመ። በዚያ ዘመን ሹመትና ግዞት አንዳንድ ጊዜ በአንድ ደብዳቤ ይመጡ ነበር።

ወላይታ ሕዝቡ የበዛ፣ እርሻው የጠበበ የእንሰት አገር ነው። አዲሱ ገዥ መንገድና ትምህርት ቤት ማሠራቱ ብዙ ጠላት ባላፈራለትም ነበር። ጠላት ያፈራለት ሰው ያልያዘውን የመንግሥት መሬት መሬት ለሌላቸው ገበሬዎች ማከፋፈሉ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። መሬት መስጠት በዚያ መንግሥት አዲስ ነገር አልነበረም። ለሹም፣ ለወታደር፣ ለአርበኛ በጋሻ እየተለካ ይታደል ነበር፤ ከተቀባዮቹም ብዙዎቹ መሬቱን የሚያውቁት በግብሩና በእርቦው ብቻ ነው። ስለዚህ የገርማሜ ጥፋት መስጠቱ ሳይሆን ለሚያርሰው ሰው መስጠቱ ነበር። ባለርስቶቹ አዲስ አበባ ድረስ አቤት አሉ። ተጠርቶ ሲጠየቅም፣ የተራበ ሕዝብ የሚያስተዳድር ገዥ መሬት ባዶውን ተቀምጦ ሳለ ዝም ሊል አይገባውም በሚል መንፈስ እንደ መለሰ ይነገራል። ከዚያ ወደ ጅጅጋ ተዛወረ።

በጅጅጋ ደግሞ ጥያቄው የውሃ ነው። አገሩ የከብት አርቢ አገር ነው፤ እንግሊዞች ለቀው ከወጡ ገና ብዙ አልቆየም፤ ሶማሊያም በሰኔ 1952 ዓ.ም. ነጻነቷን ልታውጅ ተቃርባ ነበር። ገርማሜ የውሃ ጕድጓድ፣ ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት እንዲሠራ ደከመ፤ ያገኘው ግን ጥቂት ነው። ከመንግሥቱ የሚያውቀው ወታደርና ግብር ሰብሳቢ ብቻ የሆነ ሕዝብ ዜግነቱን በምን ሊወድ ይችላል? ይህን መጠየቅ ያን ጊዜ እንደ ክሕደት ይቈጠር ነበር፤ እኔ ግን የዚያ ወሰን ጠባቂው ጥያቄ ይኸው ነበር እላለሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ከወንድሙ ከክብር ዘበኛው አዛዥ ከብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ጋር ሆኖ ታኅሣሥ 4 ቀን መፈንቅለ መንግሥቱን ጀመረ። ታኅሣሥ 6 ቀን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ደግፈው ሰልፍ ወጡ። በማግስቱ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የታገቱት መኳንንትና ሹማምንት ተረሸኑ። ወላይታ ላይ መሬት ያደለው እጅ እዚያም ስለ ነበረ፣ ገርማሜን የምናደንቅ ሁሉ ይህን ልንዘለው አይገባንም፤ መሣሪያ የሌለውን እስረኛ መግደል በምንም ሊታበል የማይችል በደል ነው። ገርማሜ ታኅሣሥ 15 ቀን ሞተ፤ ወንድሙ መጋቢት 21 ቀን ተሰቀለ። ገነተ ልዑልም በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

የገጠር መሬት የሕዝብ ይሁን የሚለው አዋጅ የወጣው በየካቲት 1967 ዓ.ም. ነው፤ ከወላሞው ድልድል ወደ ሃያ ዓመት ግድም ቈይቶ። እንግዲህ ለክርክር የማቀርበው ይህን ነው፦ ገርማሜ አውራጃን ከአውራጃ ሆኖ ማቃናት አይቻልም ብሎ የቈረጠው በሁለት ሹመት ልምድ ነው፤ ሁለት ሹመት ይበቃ ነበርን? እኔ አይበቃም ከሚሉት ወገን ነኝ። መምህሮቻችን ጭምር እንዲሞግቱኝ እለምናለሁ።