ሐውልቱ ነው የከበደው ወይስ ሴትነቱ?

(ሐውልት የት ይቁም በሚል ውይይት ላይ ካሰማሁት ንግግር)



እ.ኤ.አ. በ1957 ፓርላማ ለገቡት ለወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ሐውልት ይቁም ሲባል፣ «ይሠራ እንጂ የትም ይቁም» ያላችሁ አላችሁ። እኔ አልስማማም። የአሜሪካኖቹን ጉድ ስሙ። ዘመኑን የምቆጥረው በእነርሱው ነው።

ሉክሪሺያ ሞት፣ ኤልዛቤት ስታንተንና ሱዛን አንቶኒ ለሴቶች የመምረጥ መብት ሲታገሉ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ናቸው። አንቶኒማ በ1872 ድምፅ ሰጠሽ ተብላ ተከሳ 100 ዶላር ተቀጣች። ሰባራ ሳንቲም አልከፈለችም! መብቱ በ1920 ሲጸድቅ ከሦስቱ አንዷም በሕይወት አልነበረችም።

አዴሌድ ጆንሰን የተባለች ቀራጺ ምስላቸውን ከእብነ በረድ ጠረበች። የሴቶች ብሔራዊ ፓርቲም በ1921 ለኮንግረስ በስጦታ አበረከተው። ሐውልቱ በአንቶኒ የልደት ቀን በካፒቶሉ ጉልላት ሥር፣ ሮተንዳ በሚባለው ክብ አዳራሽ ተመረቀ። እነ ጆርጅ ዋሽንግተንና እነ ሊንከን የቆሙበት አዳራሽ ነው። ተጨበጨበ። ከዚያስ? ወደ ምድር ቤት! በላዩ የነበረው ጽሑፍ ሳይቀር በቀለም ተሸፈነ።

ልብ በሉ፣ ባለሥልጣን «ሴቶች አይከበሩም» አይልም። «ከባድ ነው፣ ወለሉ አይችለውም» ይላል። «አያምርም» ይላል። ሦስቱ ካልተጠረበ ድንጋይ ውስጥ ብቅ ስላሉ «ገንዳ ውስጥ ያሉ እመቤቶች» እያሉ ቀለዱባቸው። በ1995 ሴኔቱ ወደ ላይ ይመለሱ ሲል ደግሞ «ማን ይከፍላል?» መጣ። ወጪው 75,000 ዶላር ገደማ! ለዚያ ሀብታም መንግሥት! ሴቶቹ ገንዘቡን ራሳቸው አሰባሰቡ።

አንድ ተቃውሞ ግን የምር ነበር። ጥቁር ሴቶች «ሶጆርነር ትሩዝስ የታለች?» አሉ። በባርነት ተወልዳ ለሴቶችም ለጥቁሮችም የተሟገተች ናት። ጥያቄው ትክክል ነው። ግን ሦስቱ ምድር ቤት ቢቀሩ ትሩዝ ምን ታተርፍ ነበር? በ2009 የእርሷም ምስል ካፒቶል ገባ፤ ያውም ሮተንዳ ሳይሆን በጎብኚዎች ማዕከል።

ሦስቱ ወደ ሮተንዳ የተመለሱት በግንቦት ወር 1997 ነው፤ ከ76 ዓመት በኋላ። አይችልም የተባለው ወለልስ? ይኸው ተሸክሟቸዋል።

ስለዚህ መዋጮ የምትሰበስቡ ወገኖች፣ መጀመሪያ ቦታውን በካርታና በማኅተም አስወስኑ። እስከዚያው እኔ ከኪሴ አምስት ብር አላወጣም።