ለእንግዳ የሚቀርብ ስኳር የሌለው መጠጥ
(ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት የቀረበ የጤና ትምህርት)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዛሬ የምንነጋገረው በሰንበቴ፣ በማኅበር፣ በክርስትናና በተዝካር ዕለት ለእንግዳ ስለምናቀርበው መጠጥ ነው። ጉዳዩ ጥቂት ቢመስልም፣ ከስኳር ሕመም ጋር ለሚኖሩ ምእመናን ግን የጤና፣ አንዳንድ ጊዜም የሕይወት ጉዳይ ነው።

በየደብራችን ሕመማቸውን ሳይናገሩ የሚኖሩ አሉ። ከማዕድ ሲቀመጡ ለስላሳ መጠጥ ይቀርብላቸዋል፤ «ይቅርብኝ» ሲሉም «በሞቴ» ይባላሉ። ጋባዡን ላለማስቀየም ይጠጣሉ፤ ጉዳቱ ግን በእነርሱ ላይ ይቀራል። በጾም ወራት ደግሞ «የጾም ነውና ምን ይላል» እየተባለ ይቀርባል። መጠጡ የጾም መሆኑ ከስኳር ነጻ አያደርገውም።

መጠኑን እንመልከት። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ኮላ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው፤ ይህም ሰባት ወይም ስምንት የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። የዓለም የጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን የሚወስደው ተጨማሪ ስኳር ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። በፈሳሽ የተወሰደ ስኳር ፈጥኖ ወደ ደም ስለሚገባ የስኳር ሕሙማንን ይበልጥ ይጎዳል። ብርዝና የፍራፍሬ ጭማቂም ከዚሁ ይቆጠራሉ። መጽሐፈ ምሳሌም ማርን በልክ እንድንበላ ይመክረናል።

ታዲያ ምን እናቅርብ? ከሁሉ የሚቀድመው ንጹሕ ውሃ ነው፤ ስኳር የሌለው ሻይና ቡናም አለ። በግብዣ ቀን ግን ጋዝ ያለው ውሃ የተለየ ጥቅም አለው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከምትገኘው ከአምቦ ከተማ የሚመጣውን ውሃ የማያውቅ የለም። በጠርሙስ ቀርቦ፣ በብርጭቆ እየፈላ ሲቀዳ እንግዳው ከሌሎቹ ጋር እኩል እንደተስተናገደ ይሰማዋል። ምላስን የሚቆነጥጠው በውሃው ውስጥ የሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ይህ ጋዝ ስኳር ስላልሆነ የደም ስኳርን ከፍ አያደርግም።

ሆኖም ልናስተውላቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ጋዝ ያለው ውሃ የለስላሳ ምትክ እንጂ መድኃኒት አይደለም። እርሱን በመጠጣት ክኒን ወይም ኢንሱሊን ማቋረጥ አይገባም።

ሁለተኛ፣ የሚፈላ ሁሉ ስኳር የለውም ማለት አይደለም። ጣዕም የተጨመረባቸውና ቶኒክ የሚባሉት መጠጦች ስኳር ሊኖራቸው ስለሚችል የጠርሙሱን ጽሑፍ እናንብብ። አምቦን ከለስላሳ ጋር መቀላቀልም ስኳሩን መልሶ ማምጣት ነው።

ሦስተኛ፣ የማዕድን ውሃ ሶዲየም ስላለው የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ስለ መጠኑ ሐኪሙን ይጠይቅ። ጨጓራው የሚነፋበትም ሰው ጋዝ የሌለውን ውሃ ቢመርጥ ይሻለዋል።

አራተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚቀንስ ክኒን የሚወስድ ሰው ሲያልበው፣ ሲንቀጠቀጥና ሲደናገር ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ አምቦ አይጠቅመውም፤ ስኳር ያስፈልገዋል። መዋጥ የሚችል ከሆነ ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ወይም በውሃ የተበጠበጠ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር እንስጠው፤ በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለው እንድገምለት። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳንሰጥ በፍጥነት ወደ ሕክምና እናድርሰው። ይህ አደጋ በጾም ቀን እስከ ቅዳሴ ፍጻሜ ሳይቀምሱ በሚቆሙት ላይ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የንስሐ አባቶች፣ ሕሙማን ልጆቻችሁ ስለ ጾማቸው ከእናንተም ከሐኪማቸውም ጋር አስቀድመው እንዲመክሩ አሳስቧቸው። ቤተ ክርስቲያን በታመመ ሰው ላይ የማይችለውን ሸክም አትጭንም።

እንግዲህ ከእያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ ለግብዣ መጠጥ ስትገዙ ውሃና ጋዝ ያለው ውሃ አብራችሁ ግዙ፤ አስተናጋጆች ለሁሉም ሳይለዩ ሁለቱንም ዓይነት መጠጥ እንዲያቀርቡ አድርጉ፣ እንዲህ ከሆነ ማንም ሕመሙን ለመግለጥ አይገደድም፤ «ይቅርብኝ» ያለውንም እንግዳ አታስገድዱ። ሐዋርያው ሥጋችንን ቤተ መቅደስ ብሎታልና፣ የወንድማችንን ጤና መጠበቅ የእንግዳ ተቀባይነታችን አንዱ ክፍል ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።