ያልተበላው ማዕድ

አክዓብ በዝሆን ጥርስ ያጌጠ ቤት የሠራ የእስራኤል ንጉሥ ነበር። ሠራዊቱ፣ ፈረሱ፣ በቅሎው ሞልቶ ተርፎታል። ዐይኑ ግን በኢይዝራኤል፣ ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ ባለች ናቡቴ በተባለ ሰው የወይን ቦታ ላይ አረፈ። ለምን? አትክልት ሊተክልባት! ናቡቴ የአባቶቼን ርስት አልሰጥም ቢለው፣ ያን የሚያህል ንጉሥ እንዳኮረፈ ሕፃን አልጋው ላይ ተጋደመ፤ ፊቱን አዞረ፤ እህል አልቀምስም አለ። ሚስቱ ኤልዛቤል በሐሰት ምስክር ናቡቴን አስወግራ ርስቱን አስወሰደችለት። ግፉስ ግፍ ነው፤ እኔን የሚገርመኝ ግን ያ ሳይነካ የቀረው የንጉሥ ማዕድ ነው። የሰው ጓሮ ሲያይ የራሱ ገበታ ጠፋበት።

ወገኖቼ፣ ዛሬ የጎረቤትን መኪና ከማየታችሁ በፊት ፊታችሁ ለቀረበው ቁርስ አመስግኑ።