ለልጆችም መርዶ ይነገር
(በእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ድንኳን መትከሉን፣ ንፍሮ ማቅረቡን፣ ቀብር ማስፈጸሙን እናውቅበታለን። ለአዋቂ ሰው መርዶ ስናረዳም ሥርዓት አለን። ሽማግሌ እንመርጣለን፣ ገና ሳይነጋ ቤቱ እንሄዳለን፣ የሚደግፈው ዘመድ አጠገቡ እናስቀምጣለን። ለልጅ ግን ምን እናደርጋለን? እጁን ይዘን ጎረቤት ቤት እንደብቀዋለን። በቃ፣ ይኸው ነው።

እኛ ኮሚቴዎቹ ራሳችን ያጠፋነውን እንናገር። አንዲት የእድራችን አባል ያረፉ ጊዜ ትንሿን ልጃቸውን «እናትሽ ጠበል ሄዳለች፣ ትመጣለች» አልናት። ያዘንንላት መስሎን ነው። ሰልስቱ አለፈ፣ ድንኳኑ ተነቀለ፣ እኛም ወደየሥራችን ተመለስን። ልጅቱ ግን ማታ ማታ በር ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቅ ነበር። በመጨረሻ የእናቷን ሞት የነገሯት የሰፈር ልጆች ናቸው፤ ያውም ተጣልተዋት። ከዚያ ወዲያ ልንጠይቃት ብንሄድ «ውሸታሞች ናችሁ» አለችን። ታዲያ ምን እንመልስላት?

ትንሽ ልጅ የሞተ ሰው እንደማይመለስ ቶሎ አይገባውም። «ተኝቷል» ካልነው መተኛት ሊፈራ ይችላል፤ «መንገድ ሄዷል» ካልነው ይጠብቃል። አንዳንዱም «እኔ ስላስቸገርኳት ነው» ብሎ በራሱ ይፈርዳል። እኛ ዝም ብንል እሱ ማሰቡን አይተውም።

ስለዚህ አባሎችን የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

አንደኛ፣ ልጁ የሚያምነው ዘመድ ጥሩምባው ሳይነፋ አስቀድሞ ይንገረው። «ሞተ» የሚለውን ቃል አይፍራ።

ሁለተኛ፣ ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነና ከእንግዲህ ከማን ጋር እንደሚኖር ይነገረው።

ሦስተኛ፣ ድንኳን መግባት ከፈለገ ይግባ፤ ካልፈለገ አይገደድ። ቢያለቅስ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» አይባል።

አራተኛ፣ አስተማሪው እንዲያውቀው ይደረግ።

አምስተኛ፣ ከሰልስት በኋላ አንጥፋ። ቢያንስ እስከ አርባው ብቅ እንበል። ልጁ ያንኑ ደጋግሞ ቢጠይቀን ያንኑ ደጋግመን እንመልስለት።

ያቺ ልጅ በቅርቡ «መቃብሯን አሳዩኝ» ብላን ወስደን አሳየናት። እዚያው ቆመን ይቅርታ ጠየቅናት። አለቀሰች፤ እኛም አለቀስን። ስንመለስ እጃችንን ይዛ መጣች።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ለልጅ ግን እያደር እስኪጠራ አንጠብቅ፤ በጊዜው እንንገረው።

እግዚአብሔር ሁላችንንም ያጽናን።

የእድሩ ጸሐፊ