ልጅ የምታለቅስበት መጽሐፍ



መምህራንን በማሠልጠን ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ከወላጆች አንድ ጥያቄ እንሰማለን። «ልጄ በሯን ዘግታ መጽሐፍ ታነባለች፤ ታለቅሳለች። መጽሐፉ የሐሺሽና የጎዳና ልጆች ታሪክ ነው አሉኝ። ልቀማት ወይ?» ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችንን በአንድ ምሳሌ እናስረዳ።

ዳዊድ ግሮስማን የተባለው ደራሲ በ2000 እ.ኤ.አ. «ሚሼሁ ላሩፅ ኢቶ» የሚል ልብ ወለድ በዕብራይስጥ አሳተመ። ታሪኩ የሚፈጸመው እዚሁ ኢየሩሳሌም ነው። ታማር የምትባል ልጅ ወንድሟ ሻይ በሄሮይን ተይዞ ከአንድ ወንጀለኛ እጅ ወድቆባታል። ሰውየው ልጆችን በየከተማው ጎዳና ያዘፍናል፤ ሕዝቡ ቆሞ ሲሰማ ግብረ አበሮቹ ኪስ ይበረብራሉ። ታማር ፀጉሯን ተላጭታ፣ በመንገድ እየዘፈነች፣ ወንድሟን ለማውጣት ብላ ወደዚያ ቤት ትገባለች። ካወጣችው በኋላም ሱሱ ሲለቀው የሚያየውን ስቃይ በዋሻ ውስጥ ሆና አብራው ትችላለች። መጽሐፉ ጨካኝ ነው፤ አንዳችም አይደብቅም።

ታዲያ ወጣቶች ለምን ይወዱታል? ሐሺሹን ወደው አይደለም። እህት ወንድሟን አልተወችም፤ ይህን ነው የሚወዱት። በእኛ ቤት ደግሞ ሌላም ነገር አለ። በባንክና በኩፓት ሆሊም ለእናቷ የምታስተረጉም፣ ከቤት ሴፈር የመጣውን ደብዳቤ ለአባቷ የምታነብ ልጅ የአዋቂ ሸክም ተሸክማለች። የታማር ሸክም ሲነገራት «እኔም አለሁ» ትላለች። ለቅሶዋ ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ልብ የሚሰብር ታሪክ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ ስንቱ ሰው አልቅሷል! የሰሙት ታላላቆቻችን በዚያ አልተበላሹም፤ ስለ ግፍ አወቁበት እንጂ።

ከዚያም የከበደ የራሳችን ታሪክ አለ። በሱዳን መንገድና በመጠለያዎቹ ወደ 4,000 የሚሆኑ ወገኖቻችን አልቀዋል። በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን በሄርጽል ተራራ እናስባቸዋለን። ቤት ስንገባ ግን ብዙዎቻችን ዝም እንላለን፤ ልጅ እንዳይከፋው ብለን። ልጁ ግን ዝምታውን ያየዋል። እውነቱን ከእኛ ሲያጣ ከመጽሐፍ ይፈልገዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ!

ስለዚህ ወላጆች እንዲህ ብታደርጉ እንላለን።

አንደኛ፣ መጽሐፉን አትንጠቁ። የተነጠቀ መጽሐፍ ተደብቆ ይነበባል፤ ያን ጊዜ የሚቋረጠው ንባቡ ሳይሆን በእናንተና በልጃችሁ መካከል ያለው ወሬ ነው።

ሁለተኛ፣ «እስቲ በአማርኛ ንገሪኝ፤ ማን አሳዘነሽ? አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ዕብራይስጥ ማንበብ አያስፈልጋችሁም፤ ጆሮ ይበቃል። ልጅቷም በዚያው አማርኛዋን ታጠነክራለች።

ሦስተኛ፣ እርሷ ስትጨርስ እናንተ ጀምሩ። በሱዳን በኩል የመጣችሁ፣ በ1991 በአውሮፕላን የገባችሁ፣ በጎንደር ለዓመታት ጠብቃችሁ የመጣችሁ፣ ሁላችሁም የምትነግሩት አላችሁ። ሁሉን በአንድ ሌሊት አትንገሩ፤ ለዕድሜዋ በሚመጥን መጠን ይሁን።

ዕድሜ ስንል፣ ለ16 ዓመት ልጅ የሚሆን መጽሐፍ ለ10 ዓመት ልጅ አይሆንም። እንዲሁም መጽሐፉ አልቆ ኀዘኑ ካላለቀ፣ ልጁ እንቅልፍና ምግብ ካጣ፣ ከጓደኞቹ ከራቀ፣ ነገሩ የመጽሐፍ አይደለም። ሳትውሉ ሳታድሩ የቤት ሴፈሩን ዮኤጼት አነጋግሩ፤ ይህ ነውር አይደለም።

ልጆቻችን ለማያውቁት ሰው ስቃይ ካለቀሱ ልባቸው ሕያው ነው ማለት ነው። ያ ልብ የአያቶቻቸውንም ታሪክ ለመስማት ዝግጁ ነው። የሚቀረው የእኛ መናገር ነው።