ትዕግሥትና የ450 ብር ጉድለት

የዛሬው የንግግር ተራ የሒሳብ ኮሚቴው ነው ተብለን፣ ስለ ትዕግሥት እንድንናገር ታዘናል። ሒሳብ ሠራተኛ ሰባኪ አይደለም፤ ስለዚህ የምናውቀውን፣ ማለትም የራሳችንን ጥፋት ይዘን ቀርበናል። ገንዘብ ያዣችን እናታችን እንድንናገረው ፈቅደውልናል።

የሦስት ወሩን ሒሳብ ስንዘጋ በመዝገቡና በሣጥኑ መካከል 450 ብር ልዩነት ተገኘ። መዝገቡ አለ የሚለውን ያህል ሣጥኑ ውስጥ የለም። ቀኑ ቅዳሜ ነው፣ መሽቷል። አንዳችን ልጅ ታሞብን ነበር፣ ሌላችን እንግዳ እንጠብቅ ነበር፤ ሁላችንም ወደ ቤት ቸኩለናል። «የጎደለውን ገንዘብ ያዥ ይተካል፤ ደንቡ ነው» ተባለ። ማን ቀድሞ እንዳለው ዛሬ ብንጠያየቅ አናገኘውም፤ ሁላችንም ግን ራሳችንን ነቅንቀናል።

እሳቸው አንድ ቃል አልተናገሩም። ከመቀነታቸው ፈትተው፣ ብሩን ቆጥረው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። እንጀራ ጋግረው ለሚሸጡ ሴት 450 ብር ምን ማለት እንደ ሆነ ለእናንተ አንነግራችሁም። እኛ ግን ዝምታቸውን እንደ ማመን ቆጠርነው።

ሰኞ ማታ መዝገቡን እንደገና ገለጥን። ሒሳብ የሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ዘዴ አለች፦ ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ፣ ቦታ የተለዋወጡ ሁለት አኃዞች እንዳሉ መጠርጠር ነው። 450 ለ9 ሲካፈል 50 ይደርሳል። ደረሰኞቹን አንድ በአንድ አመሳከርን። 1,270 ብር የተቆረጠበት ደረሰኝ መዝገቡ ላይ 1,720 ተብሎ ሰፍሯል። የጻፍነው እኛው ነን። ዘዴዋን ቅዳሜም እናውቃት ነበር እኮ! አንድ ሰዓት መቆየት ነው ያቃተን።

ገንዘቡን ይዘን ቤታቸው ሄድን፤ ይቅርታም ጠየቅን። እዚያው ደግሞ ሁለተኛውን ስሕተት ሠራን። «እንዴት ያለ ትዕግሥት ነው ያለዎት!» ብለን አመሰገንናቸው። እሳቸው ምጣዱን እያሰሱ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ልጆቼ፣ ትዕግሥት አልነበረም። ፈርቻችሁ ነው» አሉን።

ይህ ቃል እስከ ዛሬ አልለቀቀንም። ከልጅነታችን ጀምሮ «ቻይው» እየተባልን ነው ያደግነው። ባል ሲሰድብ ቻይው፣ ደመወዝ ሲቀር ቻይው። የምትደበደብ እኅታችንንም ትዕግሥት ክርስቲያናዊ ነው ብለን ወደዚያው ቤት የመለስንበት ጊዜ አለ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን። ጌታችን በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ በተመታ ጊዜ ለምን እንደሚመታው ጠይቋል። ኢዮብም ቢሆን መጽሐፉን ገልጠን ብናነበው ዝምተኛ ሰው አይደለም። ከምዕራፍ 3 ጀምሮ የተወለደበትን ቀን ይረግማል፣ ይከራከራል፣ እግዚአብሔርን ራሱን ይጠይቃል። ይህን ሁሉ ሲናገር እግዚአብሔርን ግን አልተወም።

እኛ በዚያች ቅዳሜ የመሰልነው የኢዮብን ወዳጆች ነው። እነርሱስ እንኳ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ተቀምጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው አፋቸውን ከፍተው ጥፋተኛ ያደረጉት። እኛ አንድ ሰዓት አልተቀመጥንም።

የሚገርመው፣ መታገሥ አናውቅም ልንል አንችልም። ሊጥ አቡክተን ሁለት ሦስት ቀን እንጠብቃለን፤ ብንቸኩል አፍለኛ እንደሚሆን ማንም ሳይነግረን እናውቃለን። ዐቢይ ጾምን 55 ቀን እንጾማለን። አለቃ ቢያስጠብቀን በር ላይ ግማሽ ቀን እንቆማለን። ልጃችን ግን የቤት ሥራዋን ሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቀን እንጮኽባታለን፤ ለቤት ሠራተኛችን ሰሐን ሲሰበርባት እስክትናገር አንጠብቃትም። ትዕግሥታችን ከኛ በላይ ላለው እንጂ ከኛ በታች ላለው አይተርፍም። በመጽሐፍ ቅዱስ ግን አስቀድሞ ታጋሽ የተባለው እግዚአብሔር ራሱ ነው። መቅጣት የሚችለው ነው የሚቆየው። ስለዚህ በዚያ ስብሰባ ትዕግሥት የሚጠበቅብን እኛ ነበርን፤ መዝገቡም እስክሪብቶውም በእጃችን ነበር። ከእናታችን ይፈለግ የነበረው «አልወሰድኩም» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ እሱንም እንዳይናገሩ ያደረግናቸው እኛው ነን።

ከዚያ ወዲህ አሠራራችንን ለውጠናል። ጉድለት ሲገኝ በዕለቱ የሰው ስም አይነሣም። ገንዘብ ያዥና ሒሳብ ሠራተኛ በማግሥቱ ደረሰኞቹን አብረው ያመሳክራሉ፤ በዚያ ካልተገኘ ነው ወደ ስብሰባ የሚመጣው። ሥራው እንደሚረዝም እናውቃለን። ከእናንተም መካከል «ምን ያንዛዛችኋል?» ያላችሁን አላችሁ፤ ልክ ናችሁ፣ ይንዛዛል።

ባለፈው ወር 20 ብር ጎድሎ ነበር። ከመካከላችን አንዷ ደንቡን ረስታ ልትናገር ስትጀምር፣ እናታችን እጃቸውን አንሥተው «ቆይ፣ ቆይ፣ መጀመሪያ እኔ ልናገር!» አሉ። ድምፃቸው ከፍ ብሎ ስንሰማ የመጀመሪያችን ነው። ብሩ ለፎቶ ኮፒ የወጣ ነበር፤ ደረሰኙም እኛው ቦርሳ ውስጥ ተገኘ።