ሰውነትን የማፍታታት ጥቅም
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ሩጫ ወይም ስለ ኳስ ጨዋታ ሳይሆን፥ ሰውነትን ከራስ እስከ እግር በዝግታ ስለ መዘርጋትና ስለ ማፍታታት ነው። ይህን ርእስ የመረጥነው የፈተና ወራት በደረሰ ቁጥር ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚተወው እርሱ ስለ ሆነ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናስተውል። ጡንቻ መሳብ እንጂ መግፋት አይችልም። ስለዚህ ፈጣሪ ጡንቻዎችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ሠርቷቸዋል። ክንዳችንን ስናጥፍ የፊተኛው ጡንቻ ይኰማተራል፥ የኋለኛው ይላላል፤ ስንዘረጋው ደግሞ የኋለኛው በተራው ይስባል። በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ሁለት በሬዎች እኩል ካልሳቡ ፈሩ እንደሚጣመም ሁሉ፥ ከጥንዶቹ አንዱ ዘወትር ሲሠራ ሌላው ሥራ ፈትቶ ቢውል ሰውነት ሚዛኑን ያጣል።

እስኪ ውሏችንን እንመልከት። ተማሪው አንገቱን ደፍቶ በመጽሐፍ ላይ ይውላል። በዳባትና በደባርቅ ብርድ ጋቢ ተከናንበን ትከሻችንን ሰብስበን እንቀመጣለን። እኅቶቻችን ውሃ አዝለው ዳገት ሲወጡ ወደ ፊት ጎንበስ ይላሉ። «ሥራ የሚሠራ ሰው ጂምናስቲክ ምን ያደርግለታል?» የሚሉ አሉ። ሥራ በእርግጥ ያጠነክራል፤ ነገር ግን የሚያዘው ያንኑ ጡንቻ ደጋግሞ ነው። የተረሳውን የሚያስታውሰው ማፍታታት ነው።

ሰውነትን በሥርዓትና በዝግታ ማንቀሳቀስ ለጎንደር እንግዳ ነገር አይደለም። የአቋቋም ምስክር በሆነው በበአታ ማርያም ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ይዘው በዜማው ልክ ሲያሸበሽቡ፥ ምንም እንኳ ዓላማው ምስጋና ቢሆን፥ ከእግር እስከ ትከሻ የማይንቀሳቀስ አካል የለም። በሠርግ ቤት የሚወረደው እስክስታም ትከሻንና ደረትን ያፍታታል።

በውጭ አገር ደግሞ ስዊድናዊው ፐር ሄንሪክ ሊንግ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1813 በስቶክሆልም የጂምናስቲክ ትምህርት ቤት አቋቁሞ ነበር። ከዚያችው ከስዊድን የመጣው ኦኒ ኒስካነን የአበበ ቢቂላ አሠልጣኝ ሆነ። አበበ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ፈጸመ። የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና አምስት ሳምንት ገደማ ነበር። ሁለተኛው ከ4 ደቂቃ በኋላ ሲደርስ፥ አበበ በሜዳው ሣር ላይ ጋደም ብሎ እግሮቹን እያነሣ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። ተመልካቹ ተደነቀ። እንደ እርሱ ያለ ጀግና ከ42 ኪሎ ሜትር በኋላ ለዚህ ጊዜ ካገኘ፥ እኛ ከአንድ ክፍለ ጊዜ በኋላ እንዴት እናጣለን?

አሠራሩ ቀላል ነው። እግርን ከፈት አድርጎ መቆም፤ አየር እየሳቡ ሁለቱን እጆች ወደ ላይ መዘርጋት፤ ወደ ቀኝና ወደ ግራ በዝግታ መለመጥ፤ ጉልበትን ላላ አድርጎ ወደ ታች ማጎንበስ፤ ቀና ብሎ እጅን ከኋላ አቆላልፎ ደረትን መክፈት ነው። አንዱ ሳይቋረጥ ወደ ሌላው ይሻገራል። በድንገት መጎተት አይገባም፤ በድንገት የተሳበ ጡንቻ ራሱን ለመጠበቅ ይኰማተራልና። ሕመም ከተሰማ ማቆም ነው። ከሩጫ በፊት በእንቅስቃሴ መሟሟቅ፥ ከሩጫ በኋላ ደግሞ እያንዳንዱን አኳኋን ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይዞ መቆየት ይበጃል።

ማፍታታት ብቻውን ሁሉን ይፈጽማል አንልም። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆችና እስከ 17 ዓመት ላሉ ወጣቶች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ብርቱ የሆነ እንቅስቃሴ ይመክራል። ጡንቻንም ማጠንከር ያስፈልጋል። ነገር ግን ዐሥር ደቂቃ ማፍታታት የደረቀ ወገብን ያላላል፥ የደከመ መንፈስን ያነቃል።

ስለዚህ ክቡራን መምህራን፥ በፈተና ወር የሰውነት ማጠንከሪያው ክፍለ ጊዜ ለሌላ ትምህርት እንዳይሰጥ በትሕትና እንለምናለን። ወላጆቻችንም ልጃችሁ፥ ወንድም ሆነ ሴት፥ በግቢ ውስጥ ሲንጠራራ ብታዩ ሥራ ፈት አትበሉት። ጓደኞቻችን ሆይ፥ ሰውነታችን ከእግዚአብሔር የተቀበልነው አደራ ነው፤ አደራውን ሳናጣምም እንጠብቅ።